ሲሲኤንኤ ወደቅኩ፤ ልድገመው ወይስ ወደ ኔትወርክ ፕላስ ልዙር?

የጋራዥ ሌሊት

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አገር ቤት የተማርኩት አካውንቲንግ ነበር። እዚህ ማታ ማታ ፓርኪንግ ጋራዥ እሠራለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ስለማይመጣ ላፕቶፔን እከፍትና አጠናለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ከርሜ ባለፈው ሐሙስ ሲሲኤንኤ (ሲስኮ የሚባለው ኩባንያ የሚሰጠው የኮምፒውተር ኔትወርክ ፈተና) ተፈተንኩ። ወደቅኩ።

አወዳደቄ ነው ያናደደኝ። ገና መጀመሪያው አካባቢ አንድ ላብ፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፉ በተግባር የሚሠራ ጥያቄ፣ መጣ። ምን እንደነበር መናገር አይፈቀድም፤ ፈርሜያለሁ። ከባድ ግን አልነበረም። ቪዲዮ ላይ መቶ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ጭንቅላቴ ያውቀዋል፣ እጄ ግን አላውቀውም አለ። ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ አይቀበለኝም፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳይ 25 ደቂቃ በልቶብኛል። ጠቅላላው 120 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሩጫ ብቻ ሆነ። ሰብኔቲንግ (አድራሻን ወደ ትንንሽ ኔትወርክ መከፋፈል) ደግሞ እኔ የማውቀው በዜሮና በአንድ ዘርዝሮ መሥራት ነው፤ አንዱ ሦስት አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳላነብ ነው የነካካኋቸው። ተመልሶ ማየት ደግሞ የለም፤ አንዴ ካለፍከው አለፈ።

ውጤቱ በየክፍሉ በፐርሰንት ተቀምጧል። ሴኪዩሪቲ 80። አይፒ ኮኔክቲቪቲ (መረጃ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ) የሚለው 40።

አሁን ግራ ገብቶኛል። የአክስቴ ልጅ "ተወው፣ ኔትወርክ ፕላስ ይቀላል" ይለኛል፤ ኮምፕቲያ የሚባል ድርጅት የሚሰጠው ሌላ የኔትወርክ ፈተና ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ደግሞ 400 ገጽ ጥያቄና መልስ በቴሌግራም ልኮልኝ "ይቺን ሸምድደህ ግባ" ብሎኛል። የፈተናው 300 ዶላር ለኔ ቀልድ አይደለም። ባለቤቴም መውደቄን ገና አልሰማችም፤ "ውጤቱ ዘግይቷል" ብያታለሁ።

ምን ትመክሩኛላችሁ? ሰብኔቲንግንስ ሰው እንዴት ነው በሠላሳ ሴኮንድ የሚሠራው?

ኬብል ጎታች

አይዞህ ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ለሚስትህ ንገራት። ውጤቱ ይህን ያህል እንደማይዘገይ ከሌላ ሰው ከሰማች የሚጠብቅህ ፈተና ሌላ ነው።

እኔ አሽበርን ነኝ፤ ካንተ ብዙም አልርቅም። ዳታ ሴንተር ውስጥ ሌሊት ስሠራ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሰርቨር ራክ ላይ መጫን፣ ፋይበር መጎተት፣ የሞተ ኦፕቲክ መቀየር፣ ሰማያዊዋን የኮንሶል ኬብል ሰክቶ ያኮረፈ ስዊች (ማሽኖችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ሳጥን) ማናገር። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ታክሲ ነበር የምነዳው። እኔም በመጀመሪያው ወድቄያለሁ። ልክ እንዳንተ፣ ሰዓት በልቶኝ።

እንደገባኝ ያነሰህ እውቀት አይደለም። ሴኪዩሪቲ 80 ያመጣ ሰው አንብቧል። ያልተማረው እጅህ ነው። ኔትወርክ ፕላስ ብትገባም ይኸንኑ እጅ ይዘህ ነው የምትገባው። ስለዚህ ሲሲኤንኤውን ድገመው። ሕጉ ከወደቅክ በኋላ አምስት ቀን ጠብቅ ይላል። አንተ ግን ስድስት ሳምንት ጠብቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ያንን ፒዲኤፍ አጥፋው። ሲስኮ ከደረሰበት ውጤትህን ይሰርዛል፣ ዳግም እንዳትፈተንም ሊያግድህ ይችላል። ይኼ አንዱ ነው። የባሰው ኢንተርቪው ላይ ነው የሚመጣው። ሰውየው ስክሪኑን ወዳንተ ያዞርና "ይኼ ፖርት ለምን አይሠራም?" ይልሃል። የሚመረጥ መልስ ከታች አልተደረደረልህም። ዝም ስትል ዝምታው ይሰማል።

አሁን ወደ እጅህ። ፓኬት ትሬሰር፣ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ መሥሪያው ፕሮግራም፣ አለህ አይደል? ከሌለህ ከሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በነፃ ይወርዳል። ቪዲዮ ማየት አቁም። ሦስት ስዊች፣ ሁለት ራውተር፣ ስድስት ኮምፒውተር አስቀምጥና የሚሠራ ኔትወርክ ገንባ። ቪላን (አንድ ስዊች ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ) 10፣ 20፣ 30። ሁሉም ከሁሉም ጋር ፒንግ ሲደራረግ ("አለህ?" "አለሁ" ሲባባል) ፋይሉን አስቀምጥ። ከዚያ አሥር ኮፒ አውጣና እያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር አበላሽ። አንዱ ላይ ፖርቱን ዝጋው። አንዱ ላይ የትራንኩን (ብዙ ቪላን አብሮ የሚያልፍበት መስመር) ኔቲቭ ቪላን፣ ያለ ምልክት የሚያልፈውን፣ በሁለቱ ጫፍ አለያየው። አንዱ ላይ የኦኤስፒኤፍን (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ሄሎ ታይመር፣ በየስንት ሴኮንዱ ሰላም እንደሚባባሉ የሚወስነውን፣ በአንደኛው ራውተር ብቻ ከ10 ወደ 15 ቀይረው፤ ጎረቤታሞቹ ትንሽ ቆይተው ይኳረፋሉ። ፋይሎቹን በቁጥር ብቻ ሰይማቸው። ከሳምንት በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ አንዱን ክፈት። የትኛው ላይ ምን እንዳደረግክ ረስተኸዋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፈልገህ አግኘው።

ስትፈልግ ሙሉውን ኮንፊግ ከላይ እስከ ታች አታንብብ። ሾው ቪላን ብሪፍ፣ ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ፣ ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ፣ ሾው አይፒ ራውት። በነዚህ ነው በሽታው የሚገኘው። እኔ አሁንም ሌት ተቀን የምጽፈው እነሱን ነው።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ሥራ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ትራንክ ላይ ቪላን 30ን ጨምር ተባልኩ። ቀላል ነው። ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30 ብዬ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። ከቪላን ቀጥሎ "አድ" የምትል ቃል አለች። እሷን ረሳኋት። ስዊቹ ጨምር አላልከኝም ብሎ የነበሩትን ቪላኖች ሁሉ ጠርጎ 30ን ብቻ አስቀረ። ሦስት ራክ ሙሉ ሰርቨር ጠፋ። ስልኩ ወዲያው መጮህ ጀመረ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ይል ነበር። ያዳነኝ አንድ ነገር ነው። ከመጀመሬ በፊት ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ ብዬ ነበር። ስክሪኑን ወደ ላይ ተመልሼ የነበሩትን ቁጥሮች አነበብኩና አንድ በአንድ መለስኳቸው። አራት ደቂቃ ነው የፈጀው፤ አራት ዓመት ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ "አድ"ን አልረሳሁም። አንተ ይኼንን በፓኬት ትሬሰር ላይ በነፃ ተማረው።

ሰብኔቲንግ። ዜሮና አንዱን ተወው፤ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ጥሩ ነው፣ ለፈተና ግን ቀርፋፋ ነው። 256ን ያዝ። ምሳሌ፣ 192.168.10.77/26። ስላሽ 26 ማለት የመጀመሪያዎቹ 26 ቢቶች የኔትወርኩ ናቸው፤ ማስኩ፣ ይኼን ወሰን የሚያሳየው ቁጥር፣ መጨረሻው 192 ነው። ከ256 ላይ 192 ስትቀንስ 64። እርምጃህ 64 ነው። አሁን እንደ አንበሳ አውቶቡስ ከፌርማታ ፌርማታ ሂድ፦ 0፣ 64፣ 128፣ 192። 77 የት ላይ ነው? 64ን አልፏል፣ 128 አልደረሰም። ስለዚህ ኔትወርኩ 64 ነው። ብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላክበት አድራሻ) ከቀጣዩ ፌርማታ አንድ ሲቀነስ፣ 127። ለማሽን የሚታደለው ከ65 እስከ 126፤ 62 አድራሻ። አለቀ። ፈተናው ቦታ የሚጠፋ ሰሌዳና ማርከር ይሰጡሃል። ሰዓቱ ሲጀምር 128፣ 192፣ 224፣ 240፣ 248፣ 252፣ 254፣ 255 ብለህ ጻፍ፤ ከሥራቸው 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ከዚያ ወዲያ ማሰብ የለም፣ ማየት ብቻ ነው። ጋራዡ ውስጥ በየሌሊቱ 20 ሥራ።

ያቺ 40 ፐርሰንት ታሳስበኛለች። አይፒ ኮኔክቲቪቲ ከጠቅላላው 25 ፐርሰንት የሚይዝ ትልቁ ክፍል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ራውተሩ ወደ 10.1.0.0/16 ስታቲክ (በእጅ የተጻፈ) መንገድ አለው፣ ወደ 10.1.1.0/24 ደግሞ ከኦኤስፒኤፍ የተማረው መንገድ አለው። ፓኬቱ (የሚላከው መረጃ) ወደ 10.1.1.9 ይሄዳል። በየት በኩል? ሰው ሁሉ ዲስታንስን (የመንገዱ ታማኝነት መለኪያ፤ ትንሹ ይመረጣል) ያይና "ስታቲክ ዲስታንሱ 1 ነው፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ስለዚህ ስታቲክ" ይላል። አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የትኛው አድራሻውን ይበልጥ በቅርብ ይገልጻል የሚለው ነው። ሳሪስ አቦ የምትሄድ ከሆነ "አዲስ አበባ" ከሚል ምልክት ይልቅ "ሳሪስ አቦ" የሚለውን ነው የምትከተለው። ዲስታንስ የሚወዳደረው ሁለቱ መንገዶች አንድ ዓይነት ኔትወርክና አንድ ዓይነት ማስክ ሲኖራቸው ነው።

ሌላ፣ የምታጠናበት ነገር ስለ ፐፔትና ሼፍ (ብዙ ማሽን በአንዴ ማዋቀሪያ ፕሮግራሞች) የሚያወራ ከሆነ አሮጌ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በመጣው ስሪት 1.1 ላይ እነሱ ወጥተው ቴራፎርም ገብቷል፤ አንሲብል ግን እንደነበረ ነው።

ይኼ ደግሞ ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ስማችሁን አስተካክላችሁ ተመዝገቡ። እኛ የአባትና የአያት ስም ጣጣ አለብን። እኔ ስመዘገብ መጨረሻ ስም ላይ የአባቴን ጻፍኩ፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው የአያቴ ነው። በር ላይ መለሱኝ። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ገንዘቡ ግን ቀረ።

የቤት ሥራ፦ 172.16.45.200/20። ኔትወርኩና ብሮድካስቱ ስንት ነው?

ቀይ ብዕር

ኬብል ጎታች፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። ኔትወርክ ፕላስን ግን እንዲህ ባናጣጥለው። እኔ የጀመርኩት በሱ ነው። የኮምፕቲያ ፈተና ቢበዛ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ ጥያቄ ምልክት አድርገህ ማለፍና መመለስ ትችላለህ። ላብ መሰሎቹን ዘልዬ መጨረሻ ላይ ነው የሠራኋቸው። ለማለፍ 720 ይፈለጋል። ከ900 ነው፣ ግን መለኪያው የሚጀምረው ከ100 ስለሆነ በፐርሰንት አታስበው። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ቋንቋውን ያስተምራል። እኔ መጀመሪያ ሄልፕ ዴስክ የገባሁት በሱ ነው።

አንተ ግን ከዜሮ አይደለህም። ስምንት ወር ለፍተህ ወደዚያ መዞር ግማሽ መንገድ ሄዶ መመለስ ነው። ዋጋውም ከሲሲኤንኤ ይበልጣል፤ አይቀንስም።

ልጨምርልህ የፈለግኩት ስለ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚህ የመንግሥት ኮንትራክተር ብዙ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ሴኪዩሪቲ ፕላስ (የኮምፕቲያ የደህንነት ፈተና) እና ክሊራንስ (ሚስጥራዊ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ የመንግሥት ፈቃድ) ይላል። ክሊራንስ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ላይ ሆኜ ሁለት ወር ሙሉ እነዚያን ማስታወቂያዎች ስሞላ ከርሜያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ። ዜግነት እስክታገኝ ዳታ ሴንተር፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ እነዚህ ላይ አተኩር። ሴኪዩሪቲ ፕላስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሰሚት ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እናንተ ስለ 300 ዶላር ስታወሩ እየሰማሁ ነው፣ ሃሃ። እኛ ጋ ዶላሩ ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ካርድም ራስ ምታት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲሆን ደግሞ የቆጠብኩት ዓይኔ እያየ ግማሽ ሆነ። አሁን የሲስኮ አካዳሚ ገብቼ ሦስቱን የሲሲኤንኤ ኮርሶች እየጨረስኩ ነው፤ ጥሩ ውጤት ላመጣ የቅናሽ ቫውቸር አለው። መብራት ስለሚጠፋም ፓኬት ትሬሰርን በየአምስት ደቂቃው ሴቭ ማድረግ ልማዴ ሆኗል።

እኔን የረዳኝን ልንገርህ። ነገሩን ለእናቴ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልኩ አልገባኝም ማለት ነው። ኤአርፒን ለምሳሌ፤ አይፒ አድራሻውን ብቻ የምታውቀው ማሽን የካርዱ አድራሻ (ማክ) ስንት እንደሆነ መጠየቂያው። የኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አንድ ሰው መኪና ዘግቶ ያቆማል። ጥበቃው ምን ያደርጋል? መሀል ግቢ ቆሞ ታርጋውን እየጠራ "የማን ነው?" ብሎ ይጮሃል። ሁሉም ይሰማል። ባለቤቱ ብቻ "የኔ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ" ይላል፤ ለጥበቃው ብቻ። ጥያቄው ለሁሉም፣ መልሱ ለአንድ። በቃ ይኼ ነው ኤአርፒ። ጥበቃው ደግሞ መልሱን ይይዛል፣ በሚቀጥለው አይጮህም፣ ቀጥ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚወጣው። ጩኸቱ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ግቢ አይሰማም፤ አጥሩ ላይ ያለው በር ራውተሩ ነው። እናቴ ይኼን ስነግራት "ታዲያ የጎረቤት ግቢ ሰው ሲፈለግስ?" አለችኝ። ዲፎልት ጌትዌይን፣ ከኔትወርኩ መውጫውን በር፣ ራሷ ጠየቀችኝ ማለት ነው።

የጋራዥ ሌሊት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰሚት ልጅ፣ እህቴ፣ ያንቺ ጥበቃ ከስምንት ወር ቪዲዮ በለጠኝ። ቀይ ብዕር፣ ስለ ክሊራንሱ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔም ሞልቻለሁ።

ፒዲኤፉን አጥፍቻለሁ። የላከልኝ ልጅ አኩርፏል።

የቤት ሥራው፦ 172.16.45.200/20። ኔትወርኩ 172.16.45.192፣ ብሮድካስቱ 172.16.45.207። 240 ስለሆነ እርምጃው 16፣ 200 በ192ና በ208 መሀል ነው።

ኬብል ጎታች

ስሌቱ ልክ ነው፣ ሰፈሩ ተሳስቷል። ያ የ/28 መልስ ነው። 20 ቢት የሚያልቀው አራተኛው ቁጥር ላይ ነው ወይስ ሦስተኛው? 8፣ 16፣ 24 ብለህ ቁጠር። 20 በ16ና በ24 መሀል ነው። አውቶቡሱ የሚሄደው በ45 መንገድ ላይ ነው።

የጋራዥ ሌሊት

ኧረ! ሦስተኛው ላይ። 0፣ 16፣ 32፣ 48። 45 በ32ና በ48 መሀል። ኔትወርኩ 172.16.32.0፣ ብሮድካስቱ 172.16.47.255። 200 ዝም ብላ ተሳፋሪ ናት።

ኬብል ጎታች

አሁን ሆነ። ስንት ሴኮንድ?

የጋራዥ ሌሊት

ሁለተኛው 40 ሴኮንድ። የመጀመሪያውን አትጠይቀኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። ትንሽ ዝም አለችና "ከሐሙስ ጀምሮ ፊትህ ይናገር ነበር" አለችኝ። ስለ አሥሩ ፋይል ስነግራት "አንተው አበላሽተህ አንተው ልትፈልግ? እኔ ላበላሽልህ" አለች። የት የት መንካት እንደምትችል አሳየኋት። ኔትወርክ ምኗም አይደለም፤ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። አንዱ ኮምፒውተር ጎረቤቶቹን ፒንግ ያደርጋል፣ ከቪላኑ ግን አይወጣም። ትራንኩን አየሁ፣ ደህና ነው። ራውተሩን አየሁ፣ ደህና ነው። 18 ደቂቃ ፈጀብኝ። ለካ የኮምፒውተሩ ጌትዌይ 192.168.20.1 የነበረውን መጨረሻ ላይ አንድ 1 ጨምራ 11 አድርጋዋለች። ሶፋው ላይ ሆና ስትስቅ ነበር።

ዛሬ ሌሊት ሁለት ፋይል ሰጥታኝ ነው ሥራ የመጣሁት። ምን እንዳደረገች አትናገርም።